ሰማያዊው ሸራ

አዳማ፣ አሮጌው ለገሃር አካባቢ የድሮ ቤቶች በቅርስነት ስንመዘግብ የደረሰብኝ ነው። ደረሰብኝ አልኩ እንጂ ያደረስኩትስ እኔ ነኝ።

የብሮሹሩ ረቂቅ «የቅኝ ግዛት ዘመን ቤቶች» ይል ነበር። ሰረዝኩት። ፈረንሳዮች በውል ሐዲድ ዘረጉ፣ ባቡሩም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ይሄ ቅኝ ግዛት አይባልም ብዬ ኃላፊያችንን ግማሽ ቀን ተከራከርኩት። አሸነፍኩ። ደስ ብሎኝ ነው ወደ መስክ የወጣሁት።

ቤቱ የድንጋይ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ ጣራ ነው። ባለቤቷ እናት የባቡር ሠራተኛ ሚስት ነበሩ። ቅጹን ስሞላ ጠየቁኝ።

«ከተመዘገበ በኋላ ቆርቆሮውን መቀየር እችላለሁ?»

«ፈቃድ ያስፈልጋል እማማ። የቅርስ ጥበቃው አዋጅ 209/1992 ነው።»

«ፈቃዱ እስኪመጣ ዝናቡን ማን ይከለክለዋል?»

መልስ አልነበረኝም። «የይዞታ ሁኔታ» የሚለው ላይ «መካከለኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ጣራው ላይ በድንጋይ የተጫነ ሰማያዊ ሸራ ነበር። ኃላፊያችን ካሜራውን አነሳና «ይቺ ሸራ ፎቶውን ታበላሻለች» አለ። ሐምሌ ነው፣ ግን ፀሐይዋ ታቃጥላለች። መሰላል ተውሼ ወጣሁ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳሁ፣ ሸራውን አወረድኩ። ፎቶ ተነሳ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበርና ሄድን።

ሌሊት ዝናቡ የኔን ቆርቆሮ ሲደበድበው ብድግ አልኩ። ሸራው! አጥሩ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። በሥርዓት አጣጥፌ ደግሞ።

በማለዳ ሮጥኩ። ፍራሹ ደጅ ሁለት ወንበር ላይ ተሰጥቷል። ሸራው ጣራው ላይ ተመልሷል፤ ማን እንደሰቀለው አልጠየቅኩም። ይቅርታዬን እየቆራረጥኩ ስጀምር አቋረጡኝ።

«ፎቶው አማረ?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «አምሯል እማማ» አልኩ። ምን ልበል? እውነትም አምሯል።

ከዚያ ወዲህ ቤት የማነሳው ከነሸራው ነው። ኃላፊያችን ደግሞ ሸራውን በኮምፒውተር ያጠፋዋል። ቢያንስ ማንም አይበሰብስም።

ብሮሹሩን ወሰድኩላቸው፣ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። አሁንም ባለፍኩ ቁጥር ቡና ይጠሩኛል። ወንበሬን የሚያስቀምጡልኝ ግን ሁልጊዜ እዚያው ነው፣ የምታንጠባጥበዋ ቦታ ሥር።