ቆሜ አይደለም የምተኩሰው

«ጠበበኝ ካለች ትልቁን ስጣትና ትሂድ።»

ይህን ያለኝ የልጅቱ ሃምሳ አለቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ፣ አንድ የጦር ሰፈር ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ለአዲስ ወታደሮች ሄልሜትና ጥይት መከላከያ ሰደርያ እየለካሁ አስረክብ ነበር። ልጅቱ ሐበሻ ናት፤ ስሜን ደረቴ ላይ አንብባ «ጋሼ» ብላ ጠራችኝ። የራሷን ዙሪያ በሜትር ለካሁት፤ ልኳ መካከለኛው ነው። ነገር ግን በጊዜው ደንብ መሠረት ወፍራም ጸጉሯን ጠቅልላ ከማጅራቷ ከፍ አድርጋ አስራዋለች፤ ጥቅሉም ሄልሜቱን ከኋላ እየገፋ አላስገባው አለ። ከኋላዋ ረጅም ሰልፍ ነበረ። ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን አየና ያንን ተናገረ። እኔም ትልቁን ሰጠኋት። ፈረመችና ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። ከቅንድቦቿ መካከል፣ አፍንጫዋ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆዳዋ ተልጦ ጠቁሯል። የተኩስ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ሃምሳ አለቃውም አብሯት ነበረ፤ ከመግባቱ «ችግሩ ከሄልሜቱ አይደለም፣ ከጸጉሯ ነው» አለኝ። ሄልሜቱን አጠለቅሁላትና ቀጥ ብላ እንድትቆም ነገርኳት። ጠርዙ ከቅንድቧ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ የአገጭ ማሰሪያውም ጠብቋል። የሄልሜት አጠላለቅ መመሪያው እንደሚለው ነው።

«ደህና ነው እኮ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ቆሜ አይደለም የምተኩሰው» አለች በአማርኛ። «ልተኛና ይዩት።»

ሰደርያዋን እንደለበሰች ሲሚንቶው ላይ በደረቷ ተኛች። ጠመንጃ በግምጃ ቤት ውስጥ አይያዝምና የመጥረጊያ እንጨት አቀበልኳት። ለማነጣጠር ቀና ስትል የሰደርያው የኋላ ክፍል ወደ ላይ ሸሸ፣ የሄልሜቱን ጠርዝ ከታች ገፋው፤ ከላይ ደግሞ የጸጉሯ ጥቅል ወደ ኋላ መሄጃ ከለከለው። ሄልሜቱ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት ተደፋና ዓይኖቿን ሸፈነ። በግራ እጇ ወደ ላይ ገፋችው፤ ስትለቀው ተመልሶ ወረደ። እንደገና ገፋችው፤ እንደገና ወረደ።

«ምን ይታይሻል?»

«ሲሚንቶው።»

ያ መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ይህች ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ እጇ ሄልሜት እየደገፈች ስትተኩስ ኖራለች፤ የተባለችው ግን «ሰነፍ» ነው።

ሰፊ ሄልሜት ይሻላል የሚል ሰው ያናድደኛል። ኬቭላር ከሚባል ጠንካራ ክር የተሠራው የሄልሜት ቅርፊት ፍንጣሪ ሲመታው ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ያ ጉብጠት የራስ ቅልን እንዳይነካ የሚያደርገው በመካከል ያለው ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ክፍተት ነው፤ ክፍተቱን የሚጠብቁት ደግሞ ከቅርፊቱ ውስጥ የሚለጠፉት ሰባት ትራሶች ናቸው። ሄልሜቱ ሰፍቶ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ክፍተቱም በአንድ በኩል ይጠፋል። አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ነገር በሩጫ ጊዜ ሲወዛወዝ አንገት ላይ የሚያደርሰውንም የተሸከመ ያውቀዋል። ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ያጠለቀው የአሜሪካ የብረት ቆብ ቅርፊቱ ለሁሉም አንድ ልክ ነበረ፤ ወታደሩ የውስጡን ማሰሪያ እያጠበቀና እያላላ ከራሱ ጋር ያስማማው ነበር። እኛ መደርደሪያ ሙሉ ልክ ይዘን አንዲት ልጅ ማየት አቃታት።

መካከለኛውን መልሼ አወጣሁ። የኋላውን ትራስ በቀጭኑ ቀየርኩት። እሷም በማግስቱ ጸጉሯን ከራስ ቅሏ ጋር ተጣብቆ የተኛ ሹሩባ ተሠርታ፣ ጫፉን ከሄልሜቱ ጠርዝ በታች በትንሹ አስይዛ መጣች። ተኛች፤ ቀና አለች፤ ሄልሜቱ ንቅንቅ አላለም። በዚያው ሳምንት ፈተናውን አለፈች። ሃምሳ አለቃው የማለፊያውን ወረቀት ሲፈርም ስለ ጸጉሯም ስለ ሄልሜቱም ቃል አልተናገረም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ጦሩ ሴቶች ጸጉራቸውን ጎንጉነው ወደ ኋላ እንዲለቁ ሲፈቅድ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የሄልሜት አቀማመጥ ነበር። ዜናውን ሳነብ ስንቶች ሲሚንቶ እያዩ ተኩሰው ይሆን አልኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠረጴዛዬ ፊት ቁራጭ ምንጣፍ አንጥፌያለሁ። ሰደርያውን ለብሶ፣ ተኝቶ ቀና ሳይል ከእኔ ዘንድ የሚፈርም የለም፤ ሰልፉ ይረዝማል፣ አለቆቹ ያጉረመርማሉ። የልጅቱ መዝገብ ግን ሁለት ጊዜ መውደቋን እንጂ ለምን እንደወደቀች አይናገርም። ልኳ ያልሆነውን ሄልሜት በእጄ የሰጠኋት እኔ መሆኔ የትም አልተጻፈም።