በቀን አንድ ክዳን ውሃ

ሰሞኑን ስለ «ሌዲ ቢ ጉድ» ነው የማነበው። ቢ-24 የሚባለው ባለ አራት ሞተር የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ነው። የውጊያ ታሪኩ ግን የአንድ ቀን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1943፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሊቢያ ውስጥ ከቤንጋዚ በታች ካለው የሶሉክ ጦር ሰፈር ተነስቶ የጣሊያኗን ከተማ ኔፕልስን ሊደበድብ ሄደ። ውስጡ ለነበሩት ዘጠኝ ልጆች ሁሉ የመጀመሪያ ግዳጃቸው ነበር። ሲነሱ አሸዋው ዓይን አያስገልጥም፣ ከሌሎቹ አውሮፕላኖች ተለያዩ፣ በመጨረሻም ኔፕልስን ሳይመቱ በጨለማ ብቻቸውን ተመለሱ።

አብራሪው ሃተን በሬዲዮ አቅጣጫ ጠየቀ፣ ተነገረውም። ግን የዚያን ዘመን መሣሪያ አውሮፕላኑ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ እንጂ ገና እየመጣ ይሁን አልፎ የሄደ አይለይም። እነሱ ደግሞ ሰፈሩን አልፈውት ነበር። ምልክት እንዲሆናቸው ከታች የተተኮሰውን ብርሃንም አላዩም። ገና ባሕሩ ላይ ነን ብለው ሰሃራ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ በረሩ፤ ነዳጅ ሲያልቅባቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በፓራሹት ዘለሉ።

ረዳት አብራሪው ሮበርት ቶነር ትንሽ የማስታወሻ ደብተር ይዞ ነበር። በየቀኑ ጥቂት መስመር ጽፏል። መጀመሪያ ቀን፦ ሁላችንም ደህና ነን፣ ጆን ብቻ ጠፋብን። (ጆን ወራቭካ ፓራሹቱ በትክክል አልተከፈተለትም ነበር።) ሰኞ፦ ግማሽ ኮዳ ውሃ አለን፣ በቀን አንድ ክዳን። ይህን ሳነብ ተነስቼ የኮዳ ክዳን ውስጥ ውሃ ሞላሁና ጠጣሁት። ምላስ ያርሳል እንጂ ጉሮሮ ድረስ አይዘልቅም። ስምንት ሰዎች በዚያ ነው 15 ደቂቃ እየተጓዙ 5 ደቂቃ እያረፉ የሄዱት። ሐሙስ የአሸዋ ክምሩ ውስጥ ገቡ፣ ከመካከላቸው የላሞት ዓይን ጠፋ። ዓርብ ሦስቱ፣ ሼሊ፣ ሪፕስሊንገርና ሙር፣ እርዳታ ፍለጋ ወደፊት ቀጠሉ፣ አምስቱ መሄድ አቅቷቸው ቀሩ። እሑድ ቶነር ውሃ ብናገኝ እኮ እንተርፍ ነበር ብሎ ጻፈ። ሰኞ ኤፕሪል 12፣ እርዳታ እስካሁን የለም፣ ሌሊቱ በጣም ይበርዳል። ከዚያ በኋላ የጻፈው የለም።

አውሮፕላኑስ? ሰው አልባ ሆኖ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሳፎ በሆዱ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1958 ነዳጅ ፈላጊዎች ከአየር አዩት። በማግስቱ ዓመት ሰዎች ሲደርሱበት ውሃም ምግብም ነበረው፣ ሬዲዮው ይሠራል።

«ታዲያ ወደ አውሮፕላኑ አይመለሱም ነበር?» የሚል ብዙ አለ። ያናድደኛል። አውሮፕላኑ ደህና እንዳረፈ በምን ያውቃሉ? ባሕሩም ቅርብ መስሏቸዋል። ወደ ቤት አቅጣጫ መሄድ ትክክል ነበር። ደግሞ ሄደዋልም! አምስቱ የተገኙት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ነው፤ ሼሊና ሪፕስሊንገር ከዚያም በላይ ሄደዋል። ሙር ግን አልተገኘም።

በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያዋ ከተማ ኩፍራ የሚሻገሩት የእኛ ልጆችም የሚያልፉት በዚሁ የሊቢያ በረሃ ነው፣ እነሱም በውሃ ጥም ይረግፋሉ። እነሱንም «ምን አስኬዳቸው?» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ጥያቄ እኩል ያበሳጨኛል።