አንድ ኪሎ ማር የተበላሁበት ምርጫ

እሁድ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ማታ፣ ጅማ ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያችንን እየደበደበው ነበር። 3 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባይደን ከምርጫ ውድድሩ ወጣ የሚል ዜና ስልኬ ላይ መጣ። ለእናቴ ብነግራት «እና እስካሁን ሰው ጠፍቶ ነው?» ብላኝ ወደ ጀበናዋ ዞረች።

በማግስቱ አጂፕ አካባቢ፣ ጀበና ቡና የምንጠጣበት በረንዳ ላይ ውርርድ ገባሁ። የገጠሙኝ ሐጂ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ የሰፈራችን ሰው። እኔ የባይደን ምክትል ካማላ ሃሪስ ተተክታ ትራምፕን ታሸንፋለች አልኩ፣ እሳቸው አታሸንፍም። ማስያዣው አንድ ኪሎ የጌራ ነጭ ማር።

ከዚያ ደብተር ገዛሁ፣ ነገሩን በወጉ ልከታተል ብዬ። በ24 ሰዓት 81 ሚሊዮን ዶላር ተሰበሰበላት፣ ጻፍኩ። አዳራሽ ሞላላት፣ ጻፍኩ። ቲም ዋልዝን ምክትል አድርጋ መረጠች፣ ቺካጎ ላይ የፓርቲዋ ጉባኤ ደመቀ፣ እሱንም ጻፍኩ። የገዛ ፓርቲዋ ሰዎች ጥርጣሬ ግን ከጥግ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው የደረሰው። ኦባማ በዚያው እሁድ ባወጣው መግለጫ ባይደንን አመስግኖ የእሷን ስም አላነሳም፣ ድጋፉን የሰጣት ከ5 ቀን በኋላ ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ለፕሬዚዳንትነት መወዳደር ጀምራ አንድ ድምፅ እንኳን ሳይሰጥ በታኅሣሥ ወር አቋርጣ እንደነበርም የረሳ አልነበረም። እኔ ይህን ሁሉ «ምቀኝነት» ብዬ አለፍኩት።

ሐጂ ግን «ልጄ፣ የቤቷ ሰዎች ካቅማሙ የሚያውቁት ነገር አለ። ጀንፈል በጆንያ ሲታይ ሁሉም ሙሉ ነው፣ ሲፈለፈል ነው ስንት ኪሎ እንደሚወጣው የሚታወቀው» አሉኝ። ሳቅኩባቸው፣ በልቤ ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ይደፍራል።

ጎበዝ መስዬ የ1968ቱን (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ምርጫም አገላበጥኩ። ያኔ ፕሬዚዳንት ጆንሰን አልወዳደርም ሲል ምክትሉ ሃምፍሬይ ተተካ፣ በኒክሰንም በግዛቶች ወኪል መራጮች ድምፅ 301 ለ191 ተሸነፈ። ሃምፍሬይ በቬትናም ጉዳይ ከአለቃው ትንሽ ፈቀቅ ያለው በፈረንጅ መስከረም መጨረሻ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ልዩነቱን በጣም አጥብቦት ነበር። ይህን አንብቤ ምን ደመደምኩ? ካማላ የቬትናም ጦርነት የለባትም፣ ስለዚህ ይቀላታል! ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። የሚያመሳስላቸው ጦርነቱ አልነበረም፣ ሁለቱም የአለቃቸውን ሻንጣ ተሸክመው ነው የገቡት። መስከረም መጨረሻ ላይ (በፈረንጅ ጥቅምት 8) በቴሌቪዥን ከባይደን የተለየ ምን ታደርጊ ነበር ተብላ ስትጠየቅ፣ ምንም አይመጣልኝም ዓይነት መልስ ሰጠች። ደብተሬ ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? «ታማኝ ናት»።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የዋጋው ጉዳይ ነው። ውርርዱን በገባሁ በሳምንቱ፣ ሐምሌ 22፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። እናቴ የምታወራው ስለ ዘይት ብቻ ሆነ፣ እኔም ጅማ መርካቶ ገብቼ ዋጋ ሰምቼ ባዶ ዘንቢል ይዤ የተመለስኩበት ቀን አለ። በአሜሪካም የዋጋ ንረቱ በሰኔ 2022 (እ.ኤ.አ.) 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፣ በኋላ ፍጥነቱ ቢቀንስም የወጣው ዋጋ ወደ ቦታው አልተመለሰም። የተናደደ ሰው ደግሞ ሥልጣን ላይ ያለውን ነው የሚቀጣው። ይህን በገዛ ኪሴ እያየሁት ደብተሬ ውስጥ ስለ ዋጋ አንድ መስመር የለም። የአዳራሽ ጭብጨባ ግን ሦስት ገጽ ሞልቷል።

ረቡዕ ጥቅምት 27 ቀን 2017፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነገሩ ተቆረጠ። ቆጠራው ሲያልቅ 312 ለ226፣ ፔንሲልቬንያን ጨምሮ ሰባቱም ወሳኝ ግዛቶች ለትራምፕ።

ማሩን ገዝቼ ሐጂ ቤት ሄድኩ። ሌላ ሰው ቢተኩ ያሸንፉ ነበር ወይ በሚለው እዚያው ተከራከርን። እኔ ያ ሻንጣ ማንም ቢሸከመው ይከብደው ነበር ባይ ነኝ፣ እሳቸው ደግሞ ሴትየዋን ቀድሞም ሰው አልገዛትም ነበር ይላሉ። አልተስማማንም። ከዚያ የማሩን ክዳን ከፍተው በጣታቸው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ፤ «ስኳር የለበትም ትላለህ?»