ታላቋን የታናሿ ሞግዚት ያደረግሁበት የትምህርት መጀመሪያ

የ9 እና የ6 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ዘንድሮ ታላቋ ወደ አራተኛ ክፍል ስታልፍ ታናሿ አንደኛ ክፍል ገባች፤ ሁለቱ በአንድ ግቢ ሲማሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ለዚያ ቀን ወራት የፈጀ ዝግጅት አድርጌ ሳለ ዋናውን ነገር አበላሸሁት። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ልጆቹን ለማስገባት የሚዘጋጅ ሌላ ወላጅ እንዲያውቀው ከነምክንያቱ እጽፈዋለሁ።

ምዝገባው፣ የደንብ ልብሱ፣ ደብተሩና መጻሕፍቱ ያለ ችግር አለቁ። የሁለቱንም ዓይን አስመረመርሁ፤ አጥርቶ የማያይ ልጅ ሌላውም ሰው እንደ እርሱ የሚያይ ስለሚመስለው አይናገርምና ይህንን ማንም ባይዘነጋ እመክራለሁ። የቦርሳ ክብደት ከልጁ የሰውነት ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ባያልፍ ይመከራል፤ ስለዚህ 20 ኪሎ ለምትመዝነው ታናሿ 3 ኪሎን የመጨረሻ ወሰን አደረግሁ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ስለሚያስፈልጋቸው፣ በዕረፍቱ ጊዜ የተዛባውን የመኝታ ሰዓታቸውን ትምህርት ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሜ በየሁለት ቀኑ በ15 ደቂቃ ቀደም እያደረግሁ አስተካከልሁት። ይህ ሁሉ ሰመረልኝ።

ያልሰመረው በምዝገባው ዕለት በተነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር የተጀመረው ነው። ታናሿ እንግዳ ቦታ እንደምትፈራና ከእኔ ስትለይ አብዝታ እንደምታለቅስ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ሳስረዳቸው፣ «ታላቅ እህቷ እዚሁ ስላለች ምንም አይስጉ፤ እሷ ታረጋጋታለች» አሉኝ። ለወላጆች በታደለው መመሪያም ላይ በግቢው ውስጥ ወንድም ወይም እህት ያለው አዲስ ተማሪ ቶሎ እንደሚላመድ ተጽፎ ነበር። እኔም ሸክሙ ከላዬ የወረደ ያህል ቀለለኝ። ማታውኑ ታላቋን አስቀምጬ፣ «አንቺ ታላቅ ነሽ፤ እጇን እንዳትለቂ፣ ካለቀሰች አባብያት» አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። የእሷ ክፍል እንደ አዲስ ተደልድሎ ከቅርብ ጓደኛዋ መለየቷን፣ እሷም በበኩሏ ያንን ጧት ፈርታው እንደነበር አልጠየቅኋትም።

በመጀመሪያው ቀን ታናሿ ከሰልፍ ወደ ክፍል ሲገቡ ማልቀስ ጀመረች። መምህርቷ ጥቂት ከታገሠች በኋላ ተላላኪ ልካ ታላቋን ከአራተኛ ክፍል አስጠራቻት። ልጄ መጥታ እህቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ ልቅሶው ቆመ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። በማግሥቱ እንደገና ተጠራች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከአንደኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አሳለፈች። ለእኔ ግን አንድም ጊዜ አልተደወለልኝም፤ የስልክ ቁጥሬን በምዝገባው ቅጽ ላይ ሁለት ቦታ ያስጻፉኝ ለምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ነገሩን የደረስሁበት በሁለት ምልክቶች ነው። የመጀመሪያው ታላቋ በትምህርት ቀናት ጧት ጧት ሆዷን ያማት መጀመሩ ነው፤ በዕረፍት ቀናት ግን ሕመሙ ድርሽ አይልም። ታናሿን ስጠብቅ ታላቋ መታመሟ ግራ አጋባኝ፤ ምግብ ይሆናል ብዬ ቀናት አባከንሁ። ሁለተኛው የሒሳብ ደብተሯ ነው። ክፍልፋይ መማር በጀመሩበት ሳምንት ርዕሱ ብቻ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ የሆኑ አምስት ገጾች አገኘሁ። ስጠይቃት እየፈራች፣ «እማዬ፣ እኔ ሳልሄድላት ቀርቼ እሷ ካለቀሰች ጥፋቱ የእኔ ነው አይደል?» አለችኝ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የ9 ዓመት ልጅ ላይ ይህንን ሐሳብ የተከልሁት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤቱ ውኃ አጠጣው እንጂ ዘሩ የእኔ ነው።

በማግሥቱ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ በር ላይ ጠብቄ ስገባ፣ «ታላቋ ደስ ብሏት ነው የምትሄደው፤ እምቢ ብላ አታውቅም» አሉኝ። ያናደደኝ ይህ መልስ ነው። መምህር አስጠርቷት ታዛዥ ልጅ እንዴት እምቢ ትላለች? ዝምታዋን እንደ ፈቃድ መቍጠር ከባድ በደል ነው። የሚያለቅስን ተማሪ ማጽናናት ለዚያ የሠለጠነ አዋቂ ሥራ ሲሆን፣ የዚያን ሥራ ዋጋ አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ በሒሳብ ትምህርቷ እየከፈለች ነበር። በቃል የተነጋገርነው ለሁለት ቀን ብቻ ተከበረ፤ በሦስተኛው ቀን እንደገና አስጠሯት። የቆመው «ታላቋ ልጄ በትምህርት ሰዓት ለእህቷ ጉዳይ ከክፍሏ እንዳትወጣ፤ አስቸኳይ ነገር ካለ ለእኔ ይደወል» የሚል ደብዳቤ ጽፌ፣ ቀንና ፊርማ አኑሬ፣ በቅጂው ላይ መቀበላቸውን ካስፈረምሁ በኋላ ነው። ደብዳቤውን በምዝገባው ዕለት ብሰጥ ኖሮ እነዚያ ሳምንታት ባልባከኑ ነበር።

እህቷን ማስጠራቱ ለታናሿም አልበጃትም። ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እንዳሳየው፣ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ዋጋ የሚያገኝ ድርጊት ሁልጊዜ ዋጋ ከሚያገኘው ይልቅ ለመተው ይከብዳል። መምህርቷ አንድ ቀን ታስጠራለች፣ አንድ ቀን ትተዋለች፤ ልጄም ልቅሶዋን ካስረዘመች እህቷ ልትመጣ እንደምትችል ተማረች። ልቅሶዋ የማስመሰል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከሚያምኑት ሰው ሲለዩ ማልቀስ በዚያ ዕድሜ የጤና ነው። የጎደላት በዚያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምታገኘው፣ የምታምነው አንድ አዋቂ ነበር።

ስለዚህ አሠራሩን ለወጥን። ጧት ታላቋን አስቀድሜ በራሷ ክፍል በኩል እሸኛታለሁ፤ ስለ ቀኗ የሚጠየቀውም ስለ እሷ ብቻ ነው። ከዚያ ታናሿን ይዤ ሄጄ በስሟ ጠርታ ለምትቀበላት ረዳት መምህርት በእጅ አስረክባታለሁ። ልጁ ሳያይ ሹልክ ብላችሁ ውጡ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ ሞክሬው በማግሥቱ ቀሚሴን አልለቅ ብላኛለች። ስሜአት፣ «ከመጨረሻው ደወል በኋላ በዚህ በር እጠብቅሻለሁ» ብዬ፣ ሳልመላለስ እሄዳለሁ። ሰዓት ገና ማንበብ ለማትችል ልጅ ደወል ከሰዓት ቁጥር ይሻላታል። ሦስት ቀን አለቀሰች፤ በአራተኛው ቀን አጠገቧ የምትቀመጠውን ልጅ ስም እየጠራች መጣች።

እህትማማቾች በዕረፍት ሰዓት አብረው ይዋሉ የሚለውንም ምክር አልቀበለውም። መገናኘት ከፈለጉ ይገናኙ፣ ታላቋ ከእኩዮቿ ጋር መጫወት ከፈለገች ግን ማንም አይውቀሳት።

ታላቋን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ያመለጣትን ክፍልፋይ ማታ ማታ አብረን እየሠራን ሦስቱን ገጾች ሞልተናል፤ ሁለቱ ይቀራሉ። የሆድ ሕመሙ ጠፍቷል። ሆኖም የታላቋ ክፍል መምህርት ባለፈው እንደነገረችኝ፣ የክፍላቸው በር በተንኳኳ ቁጥር ልጄ አሁንም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ለመነሣት ትዘጋጃለች።