ዘይቱ የነገረኝ፦ የአሮጌ ላንድክሩዘር የአሥር ወር ማስታወሻ

ጥቅምት 2017 ላይ አንድ ያገለገለ ላንድክሩዘር ገዛሁ። የ1995 ሥሪት ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ረጅሙ ሃርድቶፕ፣ ኤችዜድጄ 75 የሚባለው። ገጠር ውስጥ አምቡላንስ ወይም የእርዳታ ድርጅት መኪና ሆኖ ሁላችንም ያየነው ዓይነት። የሠራሁትንም የተሳሳትኩትንም በደብተር ስይዝ ቆይቻለሁ። እንደኔ አሮጌ ፎርዊል ገዝቶ ለማደስ የሚያስብ ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ላካፍላችሁ።

ለምን አሮጌ? አንደኛ፣ በ2016 የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እዚሁ ያለውን መንከባከብ ግድ ሆኗል። ሁለተኛ፣ ሞተሩን ስለምወደው ነው። 1ኤችዜድ ይባላል። ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። ኮምፒውተር የለውም። ጥሩ መካኒክ በቁልፍ፣ በካቻቢቴና በጆሮው ይረዳዋል።

ደላላው መኪናውን ሲያሳየኝ ታጥቦ፣ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ ጠበቀኝ። አብረውኝ የመጡት አዛውንት መካኒክ ቀለሙን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ኮፈኑን አስከፍተው እጃቸውን ሞተሩ ላይ አሳረፉ። «ሞቋል። አጥፉትና ነገ ጠዋት እንመጣለን» አሉ። እኔ ቸኩዬ ነበር። «ጋሼ፣ ሌላ ሰው ቢወስደውስ?» አልኳቸው። «ይውሰደዋ ልጄ። የሞቀ ናፍጣ ሞተር ሁሉም ደህና ነው። እውነቱን የሚናገረው ጠዋት በብርዱ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ዞሮ፣ ነጭ ጭስ አውጥቶ፣ ተንቀጥቅጦ ተነሳ። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ግን ተስተካከለ። ጋሼ ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ከፈቱ። ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ማለት ነው። የኛ ብዙም አልገፋም። ራዲያተሩ ገና ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍተው ውሃውን አዩ፤ አረፋ የለም። ይህ ሞተር ውሃ አጥቶ ከጋለ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ስለሚችል እዚህ ላይ ብዙ ቆዩ። ኪሎሜትሩን እንዳላምን ነገሩኝና የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉን ላስቲክ አሳዩኝ። ብረቱ እስኪታይ አልቋል። ከኪሎሜትሩ ይልቅ ላስቲኩን አመንኩ።

ወረቀቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። በዚህ መኪና የሻንሲ ቁጥሩ ከፊት በቀኝ በኩል ጎማው አጠገብ ሻንሲው ላይ ነው። ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን አስጣሩ። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ ደግሞ ቀረጡ መከፈሉን ሳታረጋግጡ ቀብድ እንዳትሰጡ። ያለ ቀረጥ የገባ መኪና ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው።

ገዛሁት። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወንበሩን ቀይር፣ ጎማውን ትልቅ አድርግ አለኝ። እኔም ልቤ ወደዚያ ነበር። ጋሼ ግን ምንም ነገር ከመግዛቴ በፊት ሁሉንም ዘይት እንዳፈስ አዘዙኝ። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ የፎርዊሉ ካምቢዮ፣ የኋላና የፊት ዲፍረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው)። እያንዳንዱን በተለያየ ጣሳ። ለአሮጌ መኪና ከዚህ የተሻለ ምርመራ እስካሁን አላየሁም። ዋጋው የዘይት ዋጋ ብቻ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ያው መቀየሩ አይቀርም።

የሞተሩ ዘይት ጥቁር ነው፣ የናፍጣ ሁሌም ጥቁር ነው። የካምቢዮው ደህና። የኋላው ዲፍረንሻል አርጅቷል እንጂ ንጹሕ። የፊቱን ስከፍት ግን ማኪያቶ የመሰለ ነገር ወረደ። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። መጠኑም መሆን ካለበት በጣም ያነሰ ነበር።

ውሃው እንዴት ገባ? ዲፍረንሻል ሲሠራ ይሞቃል። ሞቆ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በአንዴ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው አየርም ይኮማተራል። ለዚህ ሲባል አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ የመተንፈሻ ቱቦ አለው። ያ ቱቦ በጭቃ ከተደፈነ ወይም ከተቆረጠ ውሃ ይስባል። የኔ ቱቦ ከአክስሉ ራስ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል። መኪናው በሕይወት ዘመኑ ስንት ወንዝ እንደተሻገረ እንጃ። አሁን አዲስ ቱቦ ገጥሜ እስከ ኮፈኑ ሥር ድረስ ከፍ አድርጌ አስሬዋለሁ። ርካሽ ሥራ ነው፤ ወንዝ የምትሻገሩ ከሆነ ከሁሉም አስቀድሙት።

የጠፋው ዘይት ደግሞ የት ሄደ? የዚህ መኪና የፊት አክስል ድፍን ነው። ጎማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ኳስ የመሰለ ክብ ብረት አለ። ውስጡ ጎማውን እያጠፈ የሚያዞረው ጆይንት በግራሶ ተሞልቶ ይቀመጣል። የዲፍረንሻሉን ዘይት ከግራሶው የሚለየው አንድ ትንሽ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ ቀለበት) ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይሄዳል፣ ግራሶውን ያቀልጠዋል፣ ከዚያ በውጭ በኩል ጎማው ላይ መንጠባጠብ ይጀምራል። መኪናው ሲሸጥ ኳሱ ታጥቦ ስለነበር አላየነውም። ስለዚህ ያ ኳስ በጣም ንጹሕ ሆኖ ካገኛችሁት ጠይቁ። ስስ የግራሶ ቅባት ያለበት ነው ጤነኛው።

ኅዳርን ሙሉ የፈጀው ይህ ሥራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር የምሠራው። ጎማ፣ የፍሬን ካሊፐር፣ ፍሪ ዊል (የፊት ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘውና የሚለየው መቆለፊያ)፣ ከዚያ የጎማ ኩሽኔታ። የኩሽኔታውን ዳዶ የሚፈታ 54 ሚሊሜትር ቁልፍ ያስፈልጋል። በመሮና በመዶሻ የሚፈቱ አሉ። የኔም ከዚህ በፊት እንደዚያ ተፈትቶ ስለነበር ዳዶው ተበልቷል። እባካችሁ ቁልፉን ተዋሱ ወይም ግዙ። ጆይንቱን አውጥቼ በናፍጣ አጠብኩት፤ በውስጡ ያሉት ትናንሽ ኳሶች የሚሄዱበት መስመር ላይ ጉድጓድ ካለ ያለቀ ነው፣ ሲታጠፍ ቀጭ ቀጭ ይላል። የኔ ተርፏል። ኩሽኔታዎቹ ግን ሁሉም ዝገዋል።

ዋናው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) ሄጄ ኩሽኔታውን ደህና የጃፓን ገዛሁ፣ ኮዮ። ኦይል ሲሉን ግን ትንሽ ነገር ናት ብዬ ቅናሹን ወሰድኩ። በሦስተኛው ሳምንት የግራ ጎማው ውስጥ ዘይት አየሁ። አንዲት ቀለበት ለመቀየር ያንን ሁሉ ሥራ እንደገና ከመጀመሪያው ሠራሁት። ጋሼ አልተቆጡኝም። «ሲል ስትገዛ የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን የመፍታቱን ድካም አስብ» ብቻ አሉኝ። ሁለተኛውን ከመግጠሜ በፊት አክስሉ ሲሉን የሚነካበት ቦታ ላይ በጥፍሬ ዳሰስኩ። ቦይ ካበጀ አዲስ ሲልም አይዝም። ሲገባም አክስሉን በእጅ ከፍ አድርጎ ይዞ ነው፤ ሲሉ ላይ ካረፈና ከተጎተተ ከንፈሩን ይቀደዋል። የመጀመሪያውን ምናልባት እኔው ራሴ ቀድጄው ይሆናል።

ሞተሩ ከዚህ ሲነጻጸር ቀላል ነበር። ጠዋት አልነሳ የሚለው ከስድስቱ ካንዴሌታ (ሞተሩ በብርድ እንዲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ሦስቱ ሞተው ስለነበር ነው። የአዲስ አበባ የኅዳር ጠዋት ብርድ ለናፍጣ ምሕረት የለውም። ታይሚንግ ቤልቱ መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት አልነበረም። በየ100,000 ኪሎሜትር የሚቀየር ነው፤ ማስረጃ ከሌለ ዛሬውኑ መቀየር ነው፣ ምክንያቱም ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ቀየርኩት። ቀኑንና ኪሎሜትሩንም ኮፈኑ ሥር ጻፍኩ።

እንጦጦን ሲወጣ ጥቁር ጭስ ማብዛቱ ግን አሳስቦኝ ነበር። ኖዝሎቹን (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚረጩትን) አስፈትሼ አስተካከልኩ፣ የአየር ማጣሪያውን ቀየርኩ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ የሚያገኘው አየር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ናፍጣው ያው ከሆነ የማይቃጠል ይተርፋል፣ እሱ ነው ጥቁር ሆኖ የሚወጣው። ጋሼ ፖምፓው ላይ ናፍጣውን በጥቂቱ አስቀነሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ማርሽ ቀድሜ እቀንሳለሁ፣ አላስጨንቀውም።

ፎርዊሉን የሞከርኩት መጨረሻ ላይ ነው። ማንሻው ለዓመታት ስላልተነካ ድርቅ ብሎ ነበር። ፍሪ ዊሎቹን ለመፈተሽ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሱት። «ፍሪ» ላይ ሆኖ ጎማውን ስታዞሩ የውስጥ አክስሉ መዞር የለበትም። «ሎክ» ላይ አብሮ መዞር አለበት። የኔ የቀኙ በደረቀ ግራሶ ተጣብቆ አይቆልፍም ነበር። ይህን ሳላይ ጭቃ ውስጥ ብገባ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ብቻ ነበሩ የሚገፉኝ። አሁን በወር አንዴ ኮረኮንች ላይ ፎርዊል አስገብቼ ጥቂት ኪሎሜትር እነዳለሁ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን በፍጹም አታድርጉት። ይህ መኪና መሐል ላይ ዲፍረንሻል ስለሌለው በኩርባ ላይ የፊትና የኋላው እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ካምቢዮውን ይጎዳል።

ሐምሌ ላይ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ይዤው ወጣሁ። ዝናብ አድሮ ነበር። ቀዩ ጭቃ ላይ በኤች 4 (በፈጣኑ ፎርዊል) ትንሽ ሄዶ መንሸራተት ሲጀምር ቆምኩ፣ ወደ ኤል 4 (ወደ ዝግተኛውና ኃይለኛው) ቀየርኩ፣ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጅ ሳልረግጥ ለቀቅኩት። ከጽዱ መሐል ቀስ ብሎ ወጣ። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ጉሬዛ ስትቆጥር ነበር፣ እኔ ጆሮዬ የፊት አክስሉ ላይ ነበር።

በማግስቱ ከመኪናው ሥር ገብቼ የፊት ዲፍረንሻሉን ብሎን ፈታሁ። ጣሳው ውስጥ የወረደው ማር የመሰለ ንጹሕ ዘይት ነው። መልሼ ሞላሁት። የሚቀጥለው ሥራ የኋላ ፍሬን ሸራ ነው። ከበሮውን አስላጥቼ ከጨረስኩ በኋላ እመለስበታለሁ።