43 ባህር ዛፍ በአንድ ወሰን ላይ

ጠቡን የጫረው የእጅ ስልክ ነው። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በአንድ ቀበሌ ለሌላ ሥራ የወጣ ጀማሪ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ በአንድ አባወራ ማሳ አጠገብ ሲያልፍ «እስቲ ይቺን ድንበሬን እያት» ይሉታል። ልጁ ደግ ለመሥራት ብሎ ስልኩን አወጣ፤ የይዞታውን ካርታ ከፍቶ ከባህር ዛፉ መደዳ ሥር ቆመ። ነጥቧ ከወሰኑ መስመር 3 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ገብታ ታየችው። «ወሰንዎ ከዛፉ አልፎ 3 ሜትር ወደ ምሥራቅ ይሄዳል» አላቸውና መንገዱን ቀጠለ።

በማግሥቱ አባወራው መጥረቢያ ይዘው ወጡ። ሐሳባቸው ዛፉን ቆርጠው፣ ጉቶውን ነቅለው፣ ማረሻቸውን እስከ «ወሰናቸው» ማዝለቅ ነበር። ከላይ ጀምረው አራት ዛፍ እንደጣሉ ምሥራቃዊዋ አዋሳኝ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እማወራ፣ ኡኡ ብለው ጎረቤት ጠሩ። ሰው ደርሶ መጥረቢያው ቆመ። ጉቶዎቹ ሳይነቀሉ መቅረታቸው ጉዳዩን አዳነው፤ ተነቅለው ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ሥራ አይቻልም ነበር።

የስልኩን ነገር አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ተራ የእጅ ስልክም ሆነ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ሜዳ እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ዛፍ ሥር ሲቆሙ ቅጠሉና ግንዱ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ስለሚያግዱትና ስለሚያንጸባርቁት ስህተቱ ይብሳል። ካርታውም የራሱ ውፍረት አለው፤ በ1፡2000 ካርታ ላይ የግማሽ ሚሊሜትር መስመር መሬት ላይ ሲወርድ 1 ሜትር ነው። ስለዚህ ያ 3 ሜትር የመሳሪያው ስህተት ነበር፤ ማንም የገፋው መሬት አልነበረም። እንዲህ ያለው መሳሪያ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ ለመለየት ይበቃል። አንድ ግንድ ከወሰን ወዲህ ይሁን ወዲያ ለማለት ግን ፈጽሞ አይበቃም፤ ባለሙያ ይህን እያወቀ ገበሬ ፊት ቁጥር መጥራት የለበትም። ቁጥሩ ከአፉ ከወጣ በኋላ የመንግሥት ቃል ሆኖ ይሰማል፤ የሚመለሰውም በብዙ ድካም ነው።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን ሲይዝ መጀመሪያ ያደረገው ሁለቱንም ወገን በቀበሌው መሬት ኮሚቴ ፊት ማስፈረም ነበር፦ እስኪለካ ድረስ ዛፍ አይቆረጥም፣ ጉቶ አይነቀል፣ ድንጋይ አይነካ፣ በመደዳው ግራና ቀኝ 5 ሜትር አይታረስ። የተቆረጠው እንጨትም ባለበት ይቆያል። እንዲህ ያለ ወረቀት ቢዘገይ በአንድ ሌሊት የሚጠፋው ማስረጃ ብዙ ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱ ታየ። አባወራው አጥብቀው የያዙት ነጥብ ስፋቱ ነበር። በአረንጓዴው ደብተር (በይዞታ ማረጋገጫ ደብተራቸው) ይዞታቸው 0.25 ሄክታር ወይም 2500 ካሬ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል፤ በሁለተኛው ደረጃ የይዞታ ካርታ ግን 2310 ሆኗል። «190 ካሬዬ የት ገባ? ያው እሷ ዘንድ ነው» ነበር ክርክራቸው። ከውጭ ሲታይ የሚያሳምን ይመስላል፤ ሲተነተን ግን ሌላ ነገር ወጣ። የመጀመሪያው ልኬት በገመድ፣ መሬት ለመሬት የተወሰደ ነው፦ ርዝመቱ 65.3 ሜትር፣ ወርዱ 38.3 ሜትር። ማሳው ከሰሜን ወደ ደቡብ በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ነው። ካርታ የሚያሳየው አግድሙን ርቀት በመሆኑ በዳገቱ ላይ 65.3 የሆነው በካርታ 64 ሜትር ይሆናል። በዚህ ብቻ ወደ 50 ካሬ ሜትር ይቀንሳል፤ አንድ ስንዝር መሬት ሳይጠፋ። ቀሪው 140 ካሬ ያለው በምዕራብ በኩል ነው። ጋሪ እንዲያሳልፍ ተብሎ የሰፋው የቀበሌ መንገድ ከአባወራው ማሳ 2.2 ሜትር ወርድ ወስዷል፤ ያም በ64 ሜትር ሲባዛ 140.8 ካሬ ነው። ጎደለ የተባለው መሬት ከእማወራዋ ጋር ምንም ንክኪ አልነበረውም፤ የመንገዱ ጥያቄ ከቀበሌው ጋር የሚነሳ ሌላ ጉዳይ ነው። የስፋት ልዩነት የወሰን ማስረጃ አይሆንም፤ ማሳ አራት ጎን አለውና ጉድለቱ ከየትኛው እንደመጣ ሳይታይ በአንዱ ጎረቤት ላይ መደፍደፍ ግፍ ነው።

ከዚያ ወደ ድንጋዮቹ። በልኬቱ ቀን ሁለቱ ባለይዞታዎች፣ የአባወራው ሚስት፣ በሰሜንና በደቡብ የሚዋሰኑት ገበሬዎች፣ ሦስት የኮሚቴ አባላትና በመጀመሪያው ልኬት ገመድ የያዙ ሁለት ሽማግሌዎች ተገኙ። ሚስቲቱ መጀመሪያ አልተጠሩም ነበር። ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ ስላለ እሳቸው ያልፈረሙበት ስምምነት ነገ ተነቃፊ ነው፤ ሰው ተልኮ እስኪመጡ ሥራው ግማሽ ቀን ቆመ።

የሰሜኑ የወሰን ድንጋይ አላከራከረም። ከመሬት በላይ ያለው ክፍሉ ሽበት አውጥቷል፤ በሥሩ ሲጫር የተቀበረው ክፍል በአፈር ቀለም ተነክሯል፤ በሁለቱ መካከል ያለው መለያ መስመርም ከመሬቱ ገጽ ጋር ልክ ነው። እንዲህ የሆነ ድንጋይ ለዓመታት ከቦታው አልተነቃነቀም። የደቡቡ ግን በጎኑ ተጋድሟል፤ ሽበታም ፊቱ ወደ አፈሩ ዞሯል። አባወራው «እሷ ናት» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ አንደኛው ሽማግሌ «ቆይ ወንድሜ፣ ድንጋዩ ከመመስከሩ በፊት ሥፍራውን እንፈልግ» አሏቸው። ድንጋዩ ከተገኘበት ዙሪያ በዶማ በስሱ ተገፈፈ፤ አጥብቆ መቆፈር ያንኑ ምልክት ያጠፋል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከተጋደመበት ወደ ላይ 1.4 ሜትር ላይ አፈሩ ላላ ያለ፣ ጠቆር ያለ ጉድጓድ ታየ፤ በውስጡም ድንጋዩን ለመደገፍ ክብ ሆነው የተወተፉ ጠጠሮች ነበሩ። የድንጋዩ ግርጌ ሲገባበት ልክ ሆነ። ቦታው የማሳው ግርጌ ነው፤ የክረምት ጎርፍ የሚያልፍበት መሆኑን የደቡቡ አዋሳኝ ራሳቸው መሰከሩ። ድንጋዩን የገፋ ሰው አልነበረም። «ድንበር ገፊ» ከመባል የከፋ ስም ገጠር ውስጥ ጥቂት ስለሆነ ይህች ግማሽ ሰዓት ከጠቅላላው ልኬት ትበልጣለች።

ድንጋዩ በስምምነት ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ከቆመ በኋላ መስመሩ ተወጠረ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ አንድ ሲባጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥረው ይለካሉ። 64 ሜትር ሲባጎ ነፋስ ሲነካው መሃሉ ስንዝርና ከዚያም በላይ ወደ ጎን ይለጠጣል። ስለዚህ በየ10 ሜትሩ ችካል እየተተከለ፣ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው በዓይን እየታየ ከተስተካከለ በኋላ ነው ሲባጎው ከችካል ወደ ችካል የተሳበው። ርቀቱም ሜትሩን አግድም በመያዝና ጫፉን በቱምቢ (በክር በተንጠለጠለ ክብደት) ወደ መሬት በማውረድ፣ በአጫጭር እርምጃ ተለካ።

ዛፎቹ ከሰሜን ጀምሮ ከ1 እስከ 43 በቀለም ተቆጠሩ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ነው። ባህር ዛፉ ቀደም ብሎ አንድ ጊዜ ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ስለሆነ በየጉቶው ሁለት ሦስት አጣና ቆሟል። አጣናው የሚወጣው ከጉቶው ጠርዝ ነው፤ ከአጣናው የለካ ሰው ወሰኑን በቀላሉ 20 ሳንቲ ሜትር ያዛውረዋል። መለካት ያለበት የመጀመሪያው ግንድ ከነበረበት፣ ከጉቶው መሃል እስከ ሲባጎው፣ በቀጥተኛ ማዕዘን ነው። የጉቶዎቹ ወርድ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ስለነበር አሠራሩ እንዲህ ተቀመጠ፦ መሃሉ ከሲባጎው ከ15 ሳንቲ በላይ የራቀ ጉቶ ያረፈበት ሰው ነው፤ ሲባጎው በገላው ላይ የሚያልፍበት የጋራ ነው።

መደዳው ከወሰኑ ጋር እኩል አይሄድም ነበር። በዓይን ግምት ስለተተከለ በሰሜን ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ እማወራዋ ገብቷል፤ በደቡብ ጫፍ 90 ሳንቲ ወደ አባወራው። ውጤቱም ከ1 እስከ 9 የእማወራዋ፣ ከ10 እስከ 18 ያሉት ዘጠኝ የጋራ፣ ከ19 እስከ 43 ያሉት 25 የአባወራው ሆነ። አባወራው የጣሏቸው አራቱ የመጀመሪያዎቹ፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ የእማወራዋ ነበሩ። እንጨቱ ባለበት እንዲቆይ የተፈረመው ወረቀት ጥቅሙ ያኔ ታየ፤ አጣናው ተቆጥሮ ተመለሰ።

«ችግኙን ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚለው የአባወራው ጥያቄ ግን በሲባጎ አይፈታም። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ፣ ገበሬው ባለይዞታ ነው፤ በይዞታው ላይ ያለማው ዛፍ ንብረቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1133 ዛፍ ከመሬቱ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ አካል እንደሆነ ይደነግጋል። ከዚህ ተነስቶ ግንዱ የቆመበትን መጠየቅ ትክክለኛ መነሻ ነው፤ የተካዩ ድካም ግን በዚህ አይሰረዝም። ሽማግሌዎቹ ማን እንደተከለ ጠየቁ። ችግኙን አባወራው አምጥተዋል፤ ጉድጓዱን ከእማወራዋ ሟች ባል ጋር ቆፍረዋል፤ የመጀመሪያውን ቆረጣ ደግሞ ብቻቸውን ወስደዋል። «እንግዲያ የችግኝህን ዋጋ በልተሃል» አሏቸው፤ አባወራውም ተቀበሉ። የጋራዎቹ ዘጠኝ ዛፎች አብረው ተቆርጠው፣ አብረው ተሽጠው፣ ገንዘቡ እኩል እንዲከፈል ሆነ። በጋራ ጉቶ ላይ ዳግም ማሳደግ ግን አልተፈቀደም፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ጠብ ማብቀል ነውና።

ሽማግሌ ጋ መጀመሩ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ክርክር አስቀድሞ በውይይትና በስምምነት እንዲሞከር ደንግጎ ነበር። ግን ሽምግልናው ሲጓተት ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። ይዞታው የታወከበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1149 የሚያቀርበው ክስ ሁከቱ ከተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በይሉኝታ ዝም ብለው ይህን ጊዜ የሚያሳልፉት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እማወራዋ ያሉ፣ የሚከራከርላቸው ያጡ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ቀድሞ መንገር የባለሙያው ግዴታ መሆን አለበት።

ቃለ ጉባዔው በሦስት ቅጂ ተጻፈ፦ ለሁለቱ ወገኖችና ለቀበሌው መዝገብ። የዛፎቹ ቁጥርና ክፍፍል፣ የመስመሩ ንድፍ፣ የእያንዳንዱ ድንጋይ ርቀት ከሦስት የማይንቀሳቀሱ ነገሮች (ከአለት ጫፍ፣ ከድልድይ ማዕዘን፣ ከሌላው የወሰን ድንጋይ) ተመዘገበ። ሁለት ርቀት አይበቃም፤ በሁለት ርቀት የሚገናኝ ነጥብ በግራም በቀኝም ይገኛል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ሦስተኛው ነው። የደቡቡን ድንጋይ ጎርፍ ዳግም ቢወስደው እንኳ በሜትር ብቻ ቦታው ይገኛል።

የቀረው የእማወራዋ ጤፍ ነው። ከመደዳው አጠገብ ያለው አዝመራ ጫጭቷል፤ የባህር ዛፍ ሥር እርጥበቱን ይሻማል። አባወራው ከ19ኛው ዛፍ ጀምሮ፣ ከወሰኑ ወደ ራሳቸው ገብተው፣ ወርዱ 60 ጥልቀቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ ሊቆፍሩ ተስማሙ። የመደዳው ላይኛው ጫፍ ለወሰኑ ስለሚቀርብ ቦዩ እዚያ ዛፉን አልፎ በምዕራብ ሊወጣ አይገባም፤ በዚያ በኩል የሚቆረጠው ሥር ወደ ራሳቸው ማሳ የሚሄደው ይሆናልና። ስለዚህ ከወሰኑ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ እስኪተርፍ ያሉት ዛፎች ከጉቶው ተነስተው ቦዩ ከእነሱ በታች እንዲጀመር ሆነ። ተዳፋት ላይ ያለ ረጅም ቦይ ውሃ ሰብስቦ ቦረቦር ይሆናል፤ ለዚህም በየ5 ሜትሩ ሳይቆፈር የሚቀር የአፈር እግድ ተተወ። በእግዱ ውስጥ የሚሾልከውን ሥር በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ በመጥረቢያ መበጠስ፣ የተሞላውንም አፈር መጥረግ ያስፈልጋል።

እማወራዋ ደግሞ የራሳቸውን ዘጠኝ ጉቶ ማሳደግ አልፈለጉም። መንቀሉ ለአንዲት ሴት ከባድ ስለሆነ ሌላው መንገድ ተመረጠ፦ እንጨቱ እንደተቆረጠ አፈሩን ከጉቶው ዙሪያ ገልጦ ልጡን ከመሬት በታች ድረስ ሙሉ በሙሉ መላጥ፣ ከዚያም አፈር መመለስ። ቡቃያ የሚወጣው ከልጡ ሥር ስለሆነ የተረሳች አንዲት ጭረት ልጥ እንኳ ታቆጠቁጣለች፤ የወጣው ቡቃያ ጉልበት ሳያወጣ፣ ገና ስንዝር ሳለ፣ እየተመላለሱ መንቀል ነው።