ስልኬን በጆሮ፦ የአንድ ወር ማስታወሻ

ለአንድ ወር መረጃ ስፈልግ ላለመጻፍ ወሰንኩ። ጥያቄው በድምፅ፣ መልሱም በጆሮ። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት አደከመኝ። ስጽፍ እንደለመድኩት ቃላት ቆራርጬ ነበር የምጠይቀው። «ራስ ምታት ውሃ» ስል የማይገናኝ ነገር ይመጣል። «ውሃ አለመጠጣት ራስ ያሳምማል ወይ?» ብዬ ሰው እንደማናግር ስጠይቅ ግን ነገሩ ተቃና። ማይክሮፎኑን እንደነካሁ መናገርም ተውኩ፤ የመጀመሪያውን ቃል ይውጠዋል።

ቀጥሎ ወደ አማርኛ ዞርኩ። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው፤ ደስ ብሎኝም ነው። «አለ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም። እኔ ተናግሬ ስልኩ ሲጽፍ ችግር የለም፣ የሚጻፈው ያው ነው። ጣጣው መልሶ ሲያነብ ይመጣል፤ ከዐውዱ መገመት አለበት። «ሰውዬው ቢሮ አለ» የሚል መልእክት አላልቶ አነበበልኝ። «ቢሮ» ብሎ የተናገረ ሰው ያለ መሰለኝ። ደግሜ ሳዳምጥ ነው የገባኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ስክሪኑን አጥፍቼ በስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ መሣሪያ ብቻ ሠራሁ። አንድ ነገር አንዴ ስትነኩ ስሙን ይነግራችኋል፣ ሁለቴ መታ መታ ስታደርጉ ይከፍታል። በድምፅ የምትታዘዘው የአፕል ረዳት ሲሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ከአይፎን 4ኤስ ጋር ስትመጣ፣ ስክሪን አንባቢዎቹ የአይፎኑ ቮይስኦቨርም የአንድሮይዱ ቶክባክም ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለቱም ስልክ ላይ የወጡት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ድምፅ ቴክኖሎጂ ሲወራ ዓይነ ስውራን ተጠቃሚዎች መጨረሻ ላይ መነሳታቸው ልክ አይመስለኝም። ከማንም በፊት በንክኪ ስልክ ላይ በጆሮ መሥራት የተካኑት እነሱ ናቸው።

በጣም ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስክሪን ላይ ብዙ ውጤት ተደርድሮ አያለሁ፣ እመርጣለሁ። በጆሮ የሚመጣው አንድ መልስ ነው። «የቀን እንቅልፍ ይጠቅማል?» ብዬ ጠየቅኩ፣ ጥቅሙን ነገረኝ። «ይጎዳል?» ስለው ጉዳቱን። ስለዚህ አሁን ጥያቄዬን ገልብጬም እጠይቃለሁ፣ መልሱ ከየት እንደመጣም አስከትላለሁ። የመድኃኒት መጠንን የመሰለ ነገር ግን በዓይኔ ሳላይ አልቀበልም።

ቶክባክን በየቀኑ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ የንባቡን ፍጥነት እንዴት ነው ያሳደጋችሁት? እኔ ከመደበኛው ትንሽ ከፍ ሳደርገው ገና ያመልጠኛል።